የጩቤ ሠሪዎቹ ቤተሰብ

ያን ሰሞን ቤታችን ውስጥ አንድም ቢላ አልነበረም። ዳቦ በእጅ ይቆረሳል፣ ካሮት በጉልበት ይሰበራል፣ ሽንኩርቱ ደግሞ ጎረቤት ቤት ተከትፎ፣ በሳህን ላይ ሌላ ሳህን ተደፍቶበት ይመጣል። እናቴን «ቢላዎቻችን የት ሄዱ?» ብላት «ሊሳሉ» አለችኝ። አመንኳት። ለመሳል ይህን ያህል ጊዜ የፈጀ ቢላ ሲመለስ ድንጋይ ሳይቀር ይቆርጣል ብዬ በጉጉት ስጠብቅ ነበር።

የዚያን ሰሞን ታሪክ ደጋግሜ አውርቼዋለሁ። ሰው ማሳቅ ሥራዬ ከሆነ ወዲህ መድረክ ላይም አውጥቼዋለሁ፤ «ጨዋታ አበላሿ» የሚል ርዕስ ሰጥቼው ነበር። አበላሿ እናቴ ናት። አሁን የማወራውም ያንኑ ነው፤ የሚያስቀው ቦታ ግን ጠፍቶብኛል።

አባቴ የቦክስ ዳኛ ነበር። ቤት ውስጥም ሥራውን አያቆምም። እኔና የጎረቤታችን ልጅ ስንደባደብ መሀላችን ገብቶ ሁለት መዳፉን ይዘረጋና «ብሬክ!» ይላል፤ ከዚያ ቡጢ ለቡጢ አነካክቶን እንደገና እንድንደባደብ ይፈቅድልናል። እናቴ በስልክ ስትጨቃጨቅ ከኋላዋ ቆሞ ለወደቀ ቦክሰኛ እንደሚቆጠረው በጣቶቹ ይቆጥርላታል፤ እሷም ስልኩን ሳትዘጋ ነጠላ ጫማዋን ትወረውርበታለች። የውድድር ቀን ነጭ ሸሚዝ ይለብሳል፣ ጥቁር ቢራቢሮ ክራቫት ያደርጋል። ክራቫቱን የማስርለት እኔ ነኝ፣ ወንበር ላይ ቆሜ። «ጉንዳን፣ አንቀሽኝ እንጂ አታስሪኝም» ይለኛል። ጉንዳን እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ከውድድር ተመለሰና ሶፋው ላይ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተቀመጠ። በማግስቱም እዚያው ነበር። በሳምንቱም።

«አባዬ ምን ሆኖ ነው?»

«ዕረፍት ወጥቶ ነው» አለች እናቴ።

እኔ የማውቀው ዕረፍት ጉልበት እስኪላጥ የሚሮጥበት ነው። የአባቴ ዕረፍት ግን ካየኋቸው ዕረፍቶች ሁሉ ደባሪው ነበር። አይናገርም። አይላጭም። ነጭ ሸሚዙ ሳፋ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ እናቴ የእጅጌውን ጫፍ ታሻለች፣ ታሰጣለች፣ ብርሃን ላይ ይዛ ታየዋለች፣ መልሳ ትዘፈዝፈዋለች።

«ሻይ ነው የነካው?»

«አዎ፣ ሻይ ነው።»

አባቴ ሻይ እንደማይጠጣ ትዝ ያለኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

ደረጃው ላይ ሰዎች ሲያወሩ ደግሞ እሰማ ነበር። አንዷ «ቀደም ብሎ ማቆም ነበረበት፤ ልጁ እኮ አልቆለት ነበር» ስትል፣ ሌላዋ «ምን ያድርግ፣ ቆሞ ሲያየው ጊዜ» ትላለች። እኔ እያለፍኩ አረምኳቸው፤ «የኔ አባት አያጨስም» አልኳቸው። ወሬያቸውን አቋረጡ። አንዷ ራሴን ዳበሰችኝ። ረታኋቸው ብዬ ደረጃውን እየዘለልኩ ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት አጎቴ መጣ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ እግሩ ረጅም፣ ኪሱ አጭር የሚባል ዓይነት።

«ፈተና ደርሶብኛል፣ እዚህ ይሻለኛል ብዬ ነው» አለ። «እትዬ፣ እኔ ሳሎን፣ በሩ አጠገብ ፍራሽ ዘርግቼ እተኛለሁ።»

«ነፋስ አለው» አልኩት እኔ።

«ነፋስ ያነቃኛል፤ ለጥናት ጥሩ ነው።»

ሻንጣው ሲከፈት ግን አንድም የፈተና መጽሐፍ አልወጣም። የወጣው ጨዋታ ነው። ሰሌዳ የለው፣ ጠጠር የለው። አንድ ሰው አገር ይፈጥራል፣ ሌሎቹ እዚያ አገር ውስጥ ሰው ይሆናሉ። «ገደል አፋፍ ደርሰሻል፤ ምን ታደርጊያለሽ?» ይልሻል። «እዘላለሁ» ትያለሽ። ዘለሽ መሻገርሽን ወይም መንኮታኮትሽን የሚወስነው ሃያ ጎን ያለው፣ አንድ ጥጉ የተሸረፈ ዳይስ ነው። የአጎቴ አገር የጭጋግ ደሴቶች ይባል ነበር። ከጃፓን ነው የቀዳው፤ ግድግዳው ወረቀት ነው፣ ቀበሮዎቹ ሴት መምሰል ይችላሉ፣ ጎራዴ ያላቸው ሰዎች ግጥም ሳይናገሩ አይጋደሉም። አጎቴ ጃፓንን አይቶ አያውቅም። እኛም አላየንም። ስለዚህ ማንም አልተከራከረም።

ከእኔ ጋር የሚጫወተው የልብስ ሰፊዋ ልጅ ነበር፤ ቤታቸው ከቤታችን ፊት ለፊት ነው። በእናቱ ሥራና በራሱ ቅጥነት ምክንያት ክር የሚል ስም ወጥቶለታል። እናቱንም ሰፈሩ የክር እናት ነው የሚላት። አጎቴ «በትልቁ ደሴት ሱሞ አለ» ሲለን ዓይኑ ያበራው ክር ነው።

«ሱሞ ምንድን ነው?»

«ሁለት ግዙፍ ሰዎች ክብ ገመድ ውስጥ ይገፋፋሉ። ከክቡ የወጣ ተሸነፈ፤ ከእግር መዳፉ ሌላ መሬት ያስነካም ተሸነፈ። በኛ አገር ግን» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ «ከደሴቱ በታች እሳተ ገሞራ አለ። የሚተኛው ግጥሚያው በትክክል ሲዳኝ ብቻ ነው። የተዛባ ፍርድ ይቀሰቅሰዋል።»

«እኔ ግዙፉን ልሁን!» አለ ክር፤ አጥንቱ በካናቴራው ላይ እየታየ። «ስሜ ተራራው ነው።»

«ተራራው ሁን። እንግዲህ ዳኛ ያስፈልገናል። ዳኛው እንዲሁ አንድ ሽማግሌ ይሁንና...»

«ዳኛ እንዲሁ አይመጣም።»

ሦስታችንም ዞርን። የተናገረው ሶፋው ነበር የመሰለኝ። አባቴ ፊቱን ከመስኮቱ ሳይመልስ ቀጠለ፤ «ማን አሳደገው? ከማን ተማረ? ስሙን ከማን ወረሰ? ይኼ ሳይታወቅ ክቡ ውስጥ አይገባም።»

አጎቴ ዳይሱን መዳፉ ውስጥ ጨበጠ። «ጋሼ፣ እኛ እኮ አናውቅም። እስቲ አንተ አስተካክልልን።»

አባቴ ከሶፋው ወርዶ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱ ቀጭ አለ። «ሁለት ቤተሰብ ናቸው» አለ። «ቤተ ዓይን እና ቤተ እግር።»

እናቴ ጭልፋ እንደያዘች ከወጥ ቤት ብቅ አለች። ቆማ አየችውና ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። ሽንኩርት ነው አልኩ በልቤ። ሽንኩርቱ ተከትፎ የሚመጣው ከጎረቤት መሆኑን ግን ረስቼው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት የልጅነቴ ምርጥ ቀናት ነበሩ፤ ይህን ዛሬም አልክድም። አባቴ ያወራል! ቤተ ዓይኖች ሰማያዊ ይለብሳሉ፣ የሚያዩትም የተጋጣሚውን ዓይን ነው። ቤተ እግሮች ቀይ ይለብሳሉ፣ የሚያዩትም እግሩን ነው። ሁለቱም ከተጋጣሚ ጋር ማዕድ አይቀርቡም፣ ተጋጣሚ ባለበት ሠርግ አይዘፍኑም። ልጆቻቸው መራመድ ሳይችሉ ማራገቢያ መያዝ ይማራሉ፤ ፍርድ የሚሰጠው ማራገቢያውን ወደ አሸናፊው በማንሳት ነውና።

«የትኛው ቤት ይበልጣል?» አልኩት።

«ቤተ ዓይን።»

«ለምን?»

«የሰው ዓይን ከእግሩ ቀድሞ ይወድቃል፣ ጉንዳን። እግሩ ቆሞ ሰውየው የሌለበት ጊዜ አለ። ቤተ እግሮች ይህን አያዩም። ቤተ እግር የወደቀ ቤት ነው።»

«ታዲያ አንተ የትኛው ነህ?»

«ቤተ እግር ነኝ።»

እኔም ቤተ እግርን መረጥኩ። ምክንያቴ ቀዩ ልብስ ነበር። የእናቴን ቀይ ሻርፕ ወገቤ ላይ ጠምጥሜ፣ ከካርቶን ማራገቢያ ቆርጬ፣ የአባቴ አልጋ ወራሽ ሆንኩ።

«ስም ይወረሳል» አለን አንድ ቀን። «አያት የተጠራበትን አባት ይጠራበታል፣ አባት የተጠራበትን ልጅ። ስለዚህ ዳኛ ሲሳሳት ብቻውን አይደለም የሚሳሳተው። ስሙ ይቀበራል።»

«ልጁስ?» አለ ክር።

«እንጃ።» ወደኔ ዞረ። «አንቺ ምን ትያለሽ? ስሙ የተቀበረበት ዳኛ ልጅ ማን ተብላ ትጠራ?»

«ጉንዳን!» አልኩ ሳላስብ።

ትኩር ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ሳቅ ብዬ ነው ያኔ የመዘገብኩት።

የጩቤውን ነገር ያነሳው አጎቴ ነው። ሞቅ ሲለው ነው ያመለጠው። «እንዳነበብኩት ከሆነ ታላላቆቹ ዳኞች ወገባቸው ላይ ትንሽ ጩቤ ይታጠቃሉ!»

«ለምን?» አልን እኔና ክር እኩል።

አጎቴ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። አባቴን አየ። «ለጌጥ» አለ።

«ለጌጥ አይደለም» አለ አባቴ። «ንገራቸው።»

«ጋሼ፣ እሱን ተወውና ይልቅ ስለ ልብሱ ቀለም...»

«ፍርዱ ከተሳሳተ» አለን አባቴ፣ የመንገድ ምልክት እንደሚያስረዳ ሰው በረጋ ድምፅ፣ «ጩቤው ለራሱ ነው።»

ወጥ ቤት ውስጥ የድስት ክዳን ወድቆ እየተሽከረከረ ረጅም ጊዜ ጮኸ። የሚያነሳው ጠፋ። «አቤት!» አለ ክር። እኔም ከዚያ የሚያምር ሕግ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

እንግዲህ ጩቤ ያስፈልገኛል። ቤታችን ቢላ የለም። ክር ግን ጓደኛ ነው፤ በማግስቱ ከቤቱ አንዱን በካናቴራው ውስጥ ደብቆ አመጣልኝ። ሳየው ገረመኝ። እጀታው በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለው የራሳችን የዳቦ ቢላ ነው! የክር እናት በመርፌ ትሰፋለች፣ ጎን ለጎን ቢላም ትስላለች ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ቀዩ ሻርፕ ውስጥ ሻጥ አደረግሁትና፣ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ወደነበረው አባቴ ፊት ሄጄ፣ በቤተ እግር ደንብ ጎንበስ ብዬ፣ «ታላቁ ዳኛ ሆይ፣ ጩቤህን አምጥቻለሁ» አልኩ። በሁለት እጄ ዘረጋሁለት።

ከየት እንደመጣች አላየኋትም። ጥፊው ነው የደረሰኝ። እናቴ በሕይወት ዘመኗ የመታችኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ቢላውን ከእጄ ነጥቃ፣ በባዶ እግሯ በሩን ከፍታ ወጣች። የክር እናት በር ሲንኳኳ፣ ከዚያ የሁለት ሴቶች ሹክሹክታ፣ ከዚያ የአንዳቸው ልቅሶ ተሰማኝ። ጥፊውን የቀመስኩት እኔ፣ የሚያለቅሰው ሌላ ሰው። ግፍ ነው አልኩ።

አባቴ አልተነሳም። የተዘረጉ ባዶ እጆቼን ነበር የሚያየው።

ጨዋታ የምትጠላ ሴት ናት ብዬ የወሰንኩት በዚያ ቀን ነው። ማስረጃዬም ብዙ ነበር። የሱሞውን ክብ የምንሠራው በልብስ ማስጫው ገመድ ነው፤ ጨዋታው ሲያበቃ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቅና ገመዱን ጠቅልላ ከቤት ይዛው ትወጣለች፤ በማግስቱ ካልለመንናት አትመልሰውም። ለገመድ! የአባቴ ጺም እንደ ቤተ እግር ሽማግሌ ሲያድግ ደስ ብሎኝ ሳለ፣ ወንድሟን «እባክህ ጸጉር አስተካካይ ቤት ውሰደው» እያለች ትነተርካለች። ቤታችን ምላጭ እንዳልነበረ ያኔ አላስተዋልኩም፤ ልጅ ደግሞ ምላጭ አይቆጥርም።

የታላቁ ግጥሚያ ቀን ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ዝናብ መስኮቱን ያንኳኳል። ገመዱን ለምነን ምንጣፉ ላይ አከበብነው። እናቴ በሩ ላይ ቆመች፣ ገመዷን ልትረከብ። ክር ትራስ ካናቴራው ውስጥ ከትቶ ተራራው ሆኗል። አጎቴ ጥቁር ዝናብ የሚባለውን የሰሜኑን ተጋጣሚ ይጫወታል። አባቴ ታላቁ ዳኛ ነው፤ ነጩን ሸሚዙን ለብሷል፤ እጅጌው ጫፍ ላይ አሁንም የደበዘዘ ነገር አለ።

«ጥቁር ዝናብ እንደ በር ገፋው» አለ አጎቴ ዳይሱን እየጣለ። «ተራራው ምን ታደርጋለህ?»

«ቀበቶውን ይዤ አብሬው እወድቃለሁ!»

«አብረው ወደቁ! አቧራው ተነሳ! ማን ቀድሞ መሬት ነካ? ታላቁ ዳኛ?»

አባቴ ተነሳ። ማራገቢያዬን ተቀብሎኝ ወደ ክር አነሳው። «ተራራው።»

ክር ጮኸ፤ ትራሱ ከሆዱ ወደቀ። ግን አንድ ነገር ቀርቷል። ክቡ ዳር የሚቀመጡ ታዛቢዎች ፍርዱን ሊቃወሙ ይችላሉ፤ ይህን የሚወስነው ዳይሱ ነው። ከአምስት በታች ከወጣ ዳኛው ተሳስቷል። የመጣሉ ተራ የኔ ነበር። ዳይሱ ምንጣፉ ላይ ተንከባሎ፣ የተሸረፈው ጥጉ ላይ ተንገዳግዶ፣ ቆመ።

«ሁለት! ተቃውሞ! ተቃውሞ!» ብዬ ዘለልኩ። በታሪካችን እንደዚህ የሚያምር ነገር ወጥቶ አያውቅም።

አጎቴ ዳይሱን ቶሎ አነሳው። «ይኼ የተሸረፈ ስለሆነ አይቆጠርም፤ እንደገና...»

«ወድቋል» አለ አባቴ። «ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ጋሼ፣ ጨዋታ እኮ ነው።»

«እግሩን ነበር የማየው» አለ አባቴ። ማንን እንደሚያናግር አይታወቅም። «እግሩ ደህና ነበር።»

«የኔ እግር?» አለ ክር።

«ስምንት ቆጠርኩለት። ተነሳ። ቆሞ ነበር። ዓይኑን ማየት ነበረብኝ። ቀጥል አልኩት።»

«አባዬ» አልኩት፣ «ሱሞ ላይ አይቆጠርም እኮ!»

አባቴ አልሰማኝም። ቀኝ እጁ ወደ ወገቡ ሄዶ፣ ምንም በሌለበት ቦታ፣ አንድ ነገር ጨበጠ። ትዝ የሚለኝ ጣቶቹ ናቸው። የያዙት ነገር ያለ ያህል ነጭ ሆነው ነበር። ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ። ደስ ብሎኝ ነበር የጠበቅሁት፤ እንዴት ያለ ተዋናይ ነው እያልኩ።

«እኔስ ከየትኛው ቤተሰብ ነኝ?»

እናቴ ናት። የሥራ ፈት ጨዋታ ስትለው የከረመችው እናቴ ጫማዋን በሩ ላይ አውልቃ፣ ገመዱን ተሻግራ ክቡ ውስጥ ገባች።

«እትዬ...» አለ አጎቴ።

«አንተ ዝም በል። የጩቤ ሠሪዎቹ ቤተሰብ ነኝ።»

«እንደዚህ የሚባል ቤተሰብ የለም!» አልኩ።

«አለ። እነዚህ ዳኞች ጩቤያቸውን ከየት የሚያመጡት መሰለሽ፣ ከሰማይ ነው የሚዘንብላቸው?» አባቴ ፊት ቁጭ አለች። ዓይኗን ከዓይኑ አልነቀለችም። «የሁሉንም ጩቤ የምንሠራው እኛ ነን። ከእንጨት ነው የምንሠራው። ከመጀመሪያው ጀምሮ። አፎቱን እናሳምረዋለን፣ እጀታውን እናሳምረዋለን፤ ውስጡ እንጨት ነው።»

 

«ውሸት!» አልኩ። «ታዲያ ለምን እስከዛሬ አልተናገራችሁም?»

«ካልመዘዙት ምን አስነገረን?» አለች። «ይኸው ዛሬ ሊመዝ ነው፣ ነገርኩት።»

የጨበጠውን እጁን ያዘችው። ጣቶቹን አንድ በአንድ ከፈተቻቸው፤ የተጨማደደ ወረቀት እንደምትዘረጋ አድርጋ። «እስከዛሬ የተሳሳተ ዳኛ የለም ብለህ ነው? ሞልቷል። መዘዘ፣ እንጨት ሆኖ አገኘው፣ አፈረ፣ ወደ ቤቱ ገብቶ ራቱን በላ። በማግስቱ ሰውየውን ሊጠይቅ ሄደ።»

«ማንን?» አለ ክር።

«የወደቀውን ሰው ነዋ።»

የአባቴ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቀ ብዬ ተናደድኩ። «እሳተ ገሞራውስ?» ብዬ አጎቴ ላይ ጮህኩ። አጎቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። «ተኝቷል» አለ።

«ዳይስ ሳይጣል?!»

«ዳይስ ሳይጣል።»

ማራገቢያዬን ቀደድኩት። «አበላሸሽው! ጨዋታውን አበላሸሽው!»

«አዎ» አለች እናቴ፣ የአባቴን እጅ ሳትለቅ። «አበላሸሁት።»

በማግስቱ አጎቴ አባቴን ጸጉር አስተካካይ ቤት ወሰደው። ከዚያ አባቴና እናቴ ብርቱካን በከረጢት ይዘው፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ እኔን ጥለውኝ ወጡ። ሽርሽር መስሎኝ አለቀስኩ። የሄዱት ሆስፒታል ነበር። ያ ቦክሰኛ አልሞተም። ግራ እጁ ግን ከዚያ በኋላ አልተከፈተም፣ ቃላትም ከአፉ እየተጎተቱ ነበር የሚወጡት። አባቴ እሁድ እሁድ እየሄደ ይጠይቀው ነበር፤ አንዳንዴ እኔንም ይወስደኛል፤ እኔም «አባዬ፣ ያ ቀስ ብሎ የሚያወራው ዘመዳችን ይደብረኛል» እለዋለሁ። አባቴ ዳግም ዳኛ አልሆነም። መጋዘን ውስጥ ሥራ አገኘ። አጎቴ «ፈተናውን ጨርሻለሁ» ብሎ ሄደ። የጭጋግ ደሴቶች ከዚያ ቅዳሜ ወዲያ አልተከፈቱም። ቢላዎቹም ተመለሱ፤ ያን ያህል ከርመው ሲመለሱ ከበፊቱ ደንዝዘዋል። ከዚያ በኋላ የእናቴ ቢላ ቲማቲም ላይ የሚንሸራተት ሆኖ ኖረ። እሱንም መድረክ ላይ ቀልጄበታለሁ።

መድረክ ላይ ያወጣሁት ጊዜ ሁለቱም መጥተው ነበር። ከፊት ተቀመጡ። «ዘጠኝ ዓመቴ ላይ አገር ነበረኝ፤ እናቴ በአንድ ዓረፍተ ነገር አፈረሰችው» ብዬ ስጀምር አዳራሹ ሳቀ። ድምፄን አቅጥኜ «ከእንጨት ነው የምንሠራው!» ስል ሰው ወንበሩን ደበደበ። ከሁሉም በላይ የምትስቀው እናቴ ነበረች፤ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች። አባቴ እጆቹን ነበር የሚያየው። ሲያልቅ አቅፋ ስማኝ «ጎበዝ። ግን ድምፄ እንደዚያ የዶሮ ድምፅ አይመስልም» አለችኝ። ሌላ አንድም ቃል አልጨመረችም።

ባለፈው ዓመት ሞተች። ቤቱ በሰው በተሞላበት ቀን፣ ሐዘኑ ቀለል ይበል ብዬ ያችኑ ታሪክ ጀመርኩ። «ከእንጨት» የሚለው ጋ ሳልደርስ አጎቴ ክንዴን ያዘኝ። አሁን መላጣ መምህር ነው። ወጥ ቤት አስገብቶ በሩን ዘጋው።

«በቃ፣ ተይው ይኼን ቀልድ።»

«ምን አደረግሁ?»

«እስከዛሬ አልገባሽም?» አፍጥጦ አየኝ። «እኔ እኮ ፈተና አልነበረብኝም። ትምህርት ተዘግቶ ነበር። እሷ ናት ደውላ ‹ና፣ በሩ አጠገብ ተኛልኝ› ያለችኝ።»

ብርጭቆ የሞላ ትሪ ይዤ ነበር። «ቢላዎቹ...» አልኩ።

«ቢላው። ገመዱ። ምላጩ። ሁሉን በየቀኑ የክር እናት ጋ ትወስድ ነበር። አንቺ ያንን ቢላ ስታመጪ...» አልጨረሰውም። ትሪውን ከእጄ ተቀብሎ ሰው ወዳለበት ይዞት ሄደ።

ከወር በኋላ አባቴ ጋ ሄድኩ። ደንዛዛ ቢላዎቹን ይጣልልኝ ብዬ ስለታም አዲስ ቢላ ገዝቼለት ነበር። ጠረጴዛው ላይ ከዳቦው አጠገብ አስቀመጥኩት። አየው። ወደ ጎን ገፋ አድርጎት ዳቦውን በእጁ ይቆርስ ጀመር።

«አባዬ» አልኩት። «ያን ጊዜ እማዬ እንጨት ነው ስትልህ አመንካት?»

የጎረሰውን ዋጠ። «አላመንኳትም» አለ። «ግን እጄን ይዛው ነበር። በምን ልምዘዘው?»

የቆረሰውን እኩሌታ አቀበለኝ።

እሷን መጠየቅ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር። መድረክ ላይ ቆሜ ሰው ሳስቅባት፣ እሷም አብራ ስትስቅ፣ ወደ ቤት ስንመለስ እንኳ ለምን አልነገርሽኝም ልላት ነበር። መልሱን ግን ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ ማራገቢያዬን እየቀደድኩ፣ ከራሷ አፍ ሰምቼዋለሁ፤ «አዎ፣ አበላሸሁት» ብላኝ ነበር።

ቢላውን በጨርቅ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩት። ዳቦውን በእጃችን ቆርሰን በላን።